ዕቃው ደረሰ፣ ማይሉ የት ቀረ? የኦንላይን ግዢ ማይል ችግርና መፍትሄ

ማይል፣ ማለትም አየር መንገዶች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡትና በቲኬት የሚለወጠው ነጥብ፣ የሚገኘው በመብረር ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዩናይትድ፣ አሜሪካንና ዴልታን የመሳሰሉ የአሜሪካ አየር መንገዶች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው የግብይት ገጽ አላቸው። ደንበኛው መጀመሪያ ወደዚያ ገጽ ገብቶ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጫማው ወይም ወደ ስልኩ ሱቅ ድረ ገጽ ከተሻገረና ከገዛ፣ ሱቁ ለገጹ ኮሚሽን ይከፍላል። ገጹም ከኮሚሽኑ ከፊሉን በማይል አድርጎ ለገዢው ያካፍለዋል። የዕቃው ዋጋ በዚህ ምክንያት አይጨምርም።

ጎጃም ውስጥ ጉዳዩ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ በኩል ነው። ልጅ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ትሠራለች፤ ከሳሙና እስከ ወንበር የምትገዛው በስልኳ ነው። እናት ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ናቸው። ሐሳቡም ማይሉን አጠራቅሞ እናትን ወስዶ ማሳየት፣ ወይም ለፋሲካ አገር ቤት መምጣት ይሆናል። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት ስለምሰጥ፣ የቲኬትና የፓስፖርት ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሡታል። አጠያየቃቸው ይለያያል፤ ሥሩ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ሱቁ ገዢው ከየት እንደ መጣ የሚያውቀው በአንድ መለያ ብቻ ነው። መለያው በመሀል ከጠፋ ገንዘቡ ቢከፈልም፣ ዕቃው ቢደርስም ማይል የለም።

ምልክት፦ ዕቃው ደርሷል፣ ማይሉ ግን ጭራሽ አልተመዘገበም

አብዛኛው ቅሬታ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በግብይት ገጹ ላይ የሱቁን ስም ሲጫኑ ኩኪ የሚባል ትንሽ መለያ ብራውዘሩ ውስጥ ይቀመጣል። "ይህ ሰው የመጣው ከእገሌ ገጽ ነው፣ የአባልነት ቁጥሩም ይህ ነው" የሚለው እሱ ነው። ክፍያው ሲጠናቀቅ ሱቁ ያንን መለያ ያነብባል። የሚጠፋባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው የስልክ መተግበሪያ ነው። የሱቁ መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ተጭኖ ከሆነ ሊንኩን ሲነኩ ስልኩ ብራውዘሩን ትቶ መተግበሪያውን ይከፍታል፤ መለያው ብራውዘሩ ውስጥ ይቀራል። ገዢው ምንም የተለወጠ ነገር ስለማያይ አይጠረጥርም። መፍትሄው በኮምፒውተር መግዛት ነው። ስልክ ብቻ ካለ መተግበሪያውን ለጊዜው ማጥፋት፣ ወይም ሊንኩን ጫን አድርጎ ይዞ በብራውዘር እንዲከፈት መምረጥ ይቻላል። አንዳንድ ሱቆች በመተግበሪያ የተፈጸመ ግዢንም ይቆጥራሉ፤ እሱ በሱቁ ዝርዝር ሥር ስለሚጻፍ አስቀድሞ ማንበብ ነው።

ሁለተኛው የቅናሽ ኮድ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ተንኮለኛ ይህ ነው። ብራውዘር ላይ ተለጥፈው የቅናሽ ኮድ የሚፈልጉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች አሉ። ክፍያ ልትፈጽሙ ስትሉ ብቅ ብለው "ኮድ ልፈልግልዎ?" ይላሉ። እሺ ካሉ ኮድ ባይገኝ እንኳ የራሳቸውን መለያ በቀድሞው ላይ ሊጽፉበት ይችላሉ። ኮሚሽኑ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለመጨረሻው መለያ ስለሆነ ማይሉ እዚያው ላይ ይሞታል። ከሌላ ቦታ የተገኘ ኮድ በእጅ ማስገባትም ያው ነው፤ ብዙ ሱቆች በግብይት ገጹ ላይ ያልተዘረዘረ ኮድ ከገባ ማይል አንሰጥም ይላሉ። እዚህ ላይ ሒሳብ መሥራት ይሻላል። አንድ ማይል ብዙ ጊዜ የሚገመተው በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። ሱቁ በዶላር 3 ማይል የሚሰጥ ከሆነ የሚያገኙት ሦስት በመቶ ያህል ነው ማለት ነው። ሃያ በመቶ የሚቀንስ ኮድ በእጅዎ ካለ ማይሉን ትተው ቅናሹን ይውሰዱ። ለማይል ሲባል ቅናሽ የሚንቅ ሰው አይቻለሁ፤ ምክንያቱ እስካሁን አልገባኝም።

ሦስተኛው ቅርጫቱን አስቀድሞ መሙላት ነው። ማታ ዕቃውን መርጠው ቅርጫት ውስጥ ያስገባሉ፣ ጠዋት በግብይት ገጹ በኩል ገብተው ይከፍላሉ። አንዳንድ ሱቅ ይህን አይቆጥርም። ቅርጫቱን ባዶ አድርገው በገጹ በኩል ከገቡ በኋላ እንደገና ይሙሉት።

ማስታወቂያ ማገጃ፣ በስውር መስኮት መግዛት፣ የብራውዘሩ ኩኪ መዘጋትና ቪፒኤን ሁሉም ውጤታቸው አንድ ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ፤ ኢንተርኔቱ በክፍያው መሀል ይቋረጥና ገጹ ሲመለስ ሰዉ ከቆመበት ይቀጥላል። ዕቃው ይገዛል፣ መለያው ግን ላይኖር ይችላል። መስመሩ ሲመለስ ከግብይት ገጹ ጀምሮ እንደ አዲስ መግባት ነው። አሰልቺ ቢሆንም ሌላ መንገድ የለም።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ማይሉ ካልመጣ አቤቱታ ይቀርባል፤ አቤቱታ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የግብይት ገጾቹ በየትኛው ቀን ወደየትኛው ሱቅ እንደተሻገሩ በአካውንትዎ ውስጥ ይመዘግባሉ። ያንን ቀን፣ ከሱቁ በኢሜይል የሚመጣውን የትዕዛዝ ማረጋገጫና የትዕዛዝ ቁጥሩን አያይዘው በገጹ የጎደለ ማይል መጠየቂያ ቅጽ ይላኩ። ለአየር መንገዱ የቲኬት ቢሮ መደወል ትርፉ ድካም ነው፤ ከግዢው ጋር የሚያገናኘው መዝገብ በእነሱ እጅ የለም። ለመጠየቅም አይቸኩሉ፣ አይዘግዩም። ማይሉ "በመጠባበቅ ላይ" በሚለው ዝርዝር ውስጥ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲሆን፣ የሚጸናው ደግሞ ዕቃ የመመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሳምንታት ይወስዳል። በሌላ በኩል ገጾቹ አቤቱታ የሚቀበሉበት የጊዜ ገደብ አላቸው።

ምልክት፦ ተመዝግቧል፣ ግን ከጠበቅሁት ያነሰ ነው

ማይል የሚሰላው ከዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ታክስና ማጓጓዣ አይገቡም። ጫማው 60 ዶላር ሆኖ ከማጓጓዣና ከታክስ ጋር 75 ቢከፍሉ፣ በዶላር 3 ማይል የሚያገኙት 180 እንጂ 225 አይደለም። የስጦታ ካርድ ብዙ ሱቆች ዘንድ ከማይል ውጭ ነው። "እስከ 10 ማይል" የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ደግሞ ዓይንዎ "እስከ" ላይ ይረፍ፤ አሥሩ ለአንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ስልክና ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ላይ ናቸው። ዕቃ ከመለሱ ማይሉም ተመልሶ ይቀነሳል፤ ይህ ስሕተት ስላልሆነ አቤት አይባልበትም።

ምልክት፦ የከፈልሁት እኔ ነኝ፣ ማይል ግን አላገኘሁም

ይህ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ላይ በቴሌግራም በኩል ለሚያዙ ሰዎች ነው። ብር በቴሌብር ለወኪሉ ይላካል፣ ወኪሉ በራሱ ወይም ውጭ ባለ ዘመዱ ካርድ ይገዛል፣ ዕቃው በሻንጣ ወይም በጭነት ይመጣል። ማይል የሚሰጠው በግብይት ገጹ በኩል ለገባው አካውንት ነው፤ ገብቶ ከሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ማይሉ ካለም የወኪሉ ነው። የአባልነት ቁጥርዎን ሰጥተው "በእኔ ስም ግዛልኝ" ማለት አያዋጣም፣ የይለፍ ቃልዎን መስጠት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ደንበኛ ከሆኑ ስለ ማይሉ ከመከራከር በአገልግሎት ክፍያው ላይ መደራደሩ ይበጃል። ዘመድ ካለዎት ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ የእህትዎ ካርድ፣ የእህትዎ አካውንት፣ የእህትዎ ማይል ይሁንና እርስዎ የሚፈልጉትን ዕቃ ሊንክ ይላኩላት። እሷ ግን እርስዎ የላኩትን ሊንክ በቀጥታ ተጭና መግዛት የለባትም፤ በግብይት ገጹ በኩል ገብታ ዕቃውን ራሷ ትፈልገው።

ምልክት፦ የማይል ጭማሪው አምልጦኛል

የጭማሪው ማስታወቂያ የሚያበቃበትን ቀን በአሜሪካ አጻጻፍ ያንብቡ። 6/9 ማለት ጁን 9 ነው፤ ሰኔ 2 ማለት ነው፤ እንደ እኛ ቀኑን አስቀድሞ የሚያነብ ሰው ሴፕቴምበር 6 ብሎ ይዘናጋል። ሰዓቱም ያው ነው። "እስከ እኩለ ሌሊት" የሚለው በኒውዮርክ ሰዓት ከሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር በበጋቸው በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ምልክት፦ ማይሉ አለ፣ ለእማዬ ቲኬት ግን አልሆነም

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይቀላቀላሉ።

አንደኛው የጥምረት፣ ማለትም በአንዱ አየር መንገድ ማይል በሌላው በረራ መቀመጫ የሚያዝበት ኅብረት፣ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አልያንስ አባል ነው፤ ዩናይትድም እዚያው ነው። አሜሪካን አየር መንገድ የዋንወርልድ፣ ዴልታ የስካይቲም የተባሉ ሌሎች ጥምረቶች አባል ናቸው። ልጅ ለዓመታት በዴልታ ገጽ ገዝታ ማይል ብታከማች በኢትዮጵያ አየር መንገድ መቀመጫ አትይዝበትም። በአሜሪካን አየር መንገድ ማይል በኳታር አየር መንገድ በዶሃ በኩል አዲስ አበባ መድረስ ይቻላል፤ ከዋሽንግተኑ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ የሚመጣውን የኢትዮጵያ በረራ ግን አይገዛም። ገና የምትጀምር ከሆነና ዓላማዋ አገር ቤት ከሆነ የዩናይትድን ገጽ ብትመርጥ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚመጣ ሌላ ግራ መጋባት አለ። እናት የሼባማይልስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ አባል ናቸው፣ ልጅ የዩናይትድ፤ ሁለቱም ስታር አልያንስ ስለሆኑ ማይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ይመስላቸዋል። አይዛወርም። የሚቻለው ልጅ በራሷ የዩናይትድ ማይል፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ላይ፣ በእናቷ ስም ቲኬት መቁረጥ ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ወንድምና እህት ደግሞ ዩናይትድ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2024 ጀምሮ እስከ አምስት ሆነው ማይላቸውን በአንድ ላይ ማድረግ ይችላሉ።

ሁለተኛው በሽታ ስምና የልደት ቀን ነው፤ ይህን በየጊዜው አየዋለሁ። የእኛ ሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። አንዱ ቅጽ ላይ የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስገባሉ፣ ሌላው ላይ የአያትን። "ጸ"ን አንዱ በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይገባና ሰውየው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። የማይል አካውንትም ሆነ ቲኬት ሲሞላ ፓስፖርቱ ከፊት ይቀመጥና ፊደል በፊደል፣ በየቦታው እንደ ሰፈረው ይገልበጥ። አካውንቱ አስቀድሞ በሌላ አጻጻፍ ተከፍቶ ከሆነ ቲኬት ሳይቆረጥ ማስተካከያ ይጠየቅ፤ ፓስፖርቱን ስለሚጠይቁ ቅጂው ይዘጋጅ።

ምልክት፦ የነበረው ማይል ጠፋ

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውን ማይል ሰብሳቢ ሁሉ ይወደዋል፤ ማይል ግን ብዙውን ጊዜ ቀን የሚያልፍበት እንቁላል ነው። የሼባማይልስ ማይል የማብቂያ ቀን አለው። የአሜሪካን አየር መንገድ ማይል አካውንቱ ለ24 ወራት ካልተንቀሳቀሰ ይቃጠላል፤ ትንሽ ግዢ በገጹ በኩል ቢፈጸም ግን ቆጠራው ከመጀመሪያ ይነሣል። የዩናይትድና የዴልታ ማይል አያበቃም።

ሌላም አለ። "ይህን ያህል ማይል አለኝ፣ ለምን የክብር ደረጃዬ አላደገም?" የሚሉ አሉ። የክብር ደረጃ አየር መንገዱ አዘውትሮ ለሚበር ደንበኛ የሚሰጠው ነው፤ የግዢ ማይልና ለደረጃ የሚቆጠረው በብዙ ፕሮግራሞች ይለያያሉ። ዩናይትድ ላይ የግዢ ማይል ለደረጃ አይቆጠርም።

ምልክት፦ ቲኬቱ ነጻ ነው ተብሎ ገንዘብ ተጠየቅሁ

ማይል የሚሸፍነው መቀመጫውን ነው። የመንግሥት ታክስና የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ በገንዘብ ይከፈላል። በረራውም እስከ አዲስ አበባ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው ሲያስይዝ መድረሻውን ባሕር ዳር ብሎ ይፈልግ፤ መቀመጫ ከተገኘ ቲኬቱ አንድ ይሆናል። ካልተገኘ የአገር ውስጡ ለብቻው ይገዛል። ለደጀን ሰው ግን የባሕር ዳሩ በረራ አያሳጥርም፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ዓባይን ተሻግሮ መምጣቱ ይቀርባል።

ስንት ግዢ ለአንድ ቲኬት እንደሚበቃ ለሚጠይቁ፦ ቲኬቱ የሚጠይቀው ማይል ይለያያል፤ በዶላር 3 ማይል ሲሰላ ግን ለምሳሌ 30,000 ማይል ለመድረስ የ10,000 ዶላር ዕቃ መግዛት ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የሆነ ቤተሰብ ማይሉን በሚጓዝበት ጊዜ ከሚያገኘው የበረራ ማይል ጋር እንዲደመርለት በአንድ ፕሮግራም ይሰብስብ፤ ሳያስፈልግ ዕቃ መግዛት ግን አይጀምር።

"ማይልዎ ሊቃጠል ነው፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩን" የሚል ስልክ ወይም የቴሌግራም መልእክት ከመጣ መልስ አይስጡ። ስልክዎ ላይ የደረሰውን የማረጋገጫ ኮድ አየር መንገድ ደውሎ አይጠይቅም። ኮዱን ሰጥተው ከሆነ ወዲያውኑ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ ያው የይለፍ ቃል ለኢሜይልዎም ካገለገለ መጀመሪያ የኢሜይሉን፤ ቀጥሎ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ አካውንቱ ለጊዜው እንዲቆለፍ ይጠይቁ።