በአዲስ አበባ የቤተሰብዎን የፍሳሽ ጉድጓድ ከውጭ አገር ሆነው ሲያሠሩ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው የእናቴ ግቢ፣ አባቴ በድንጋይ ያስገነባው አሮጌ ጉድጓድ በየወሩ ካልተመጠጠ መሙላት ሲጀምር፣ አዲስ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የቤቱ ፍሳሽ ገብቶ ዝቃጩ የሚቀርበት ውሃ የማያሳልፍ ጉድጓድ፣ እንዲሠራ ገንዘብ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወገኖች ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚያቀርቡልኝ የደረሰብኝን በጽሑፍ ማስፈሩ ይሻላል ብያለሁ።

አስቀድመው ግቢው ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር መገናኘት ይችል እንደሆነ ከውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ያስጠይቁ፤ ቦታው በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ልማት የሚነካ መሆን አለመሆኑንም ወረዳው ላይ ያጣሩ። ውክልና ከሰጡ ለዚህ ሥራ ብቻ፣ ጊዜውን ገድበው ይስጡ። ጉድጓድ ለማሠራት ቤት የመሸጥ ሥልጣን ለማንም አያስፈልግም።

እኔ የተጎዳሁት በሥራው ክትትል ነው። የአክስቴ ልጅ እናቴን እንደ ወላጅ እናቱ የሚያያት፣ እጅግ የማምነው ሰው ነው። መሐንዲሱን የመረጠው፣ ግንበኛውን ያመጣውና ገንዘቡን የሚከፍለው እሱ ነበር። የተላከልኝ ፕላን ሁለት ክፍል፣ ማናፈሻ ቱቦና በየክፍሉ መክፈቻ ያለው፣ እንከን የማይወጣለት ነበር። ሥራው ሲያልቅ የደረሰኝ ግን የተለሰነ ክዳን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በነሐሴ የጎረቤታችን የማድቤት ግድግዳ ከሥሩ ረጥቦ ልስኑ መርገፍ ጀመረ። አገር ቤት ገብቼ ክዳኑን ሳስከፍት መካከለኛው ግድግዳ የለም፤ ወለሉም ኮንክሪት አልፈሰሰበትም። ፕላኑን የሠራው ሰው አንድም ቀን ግቢያችንን እንዳልረገጠ የነገረችኝ እናቴ ናት።

የአክስቴ ልጅ ለራሱ አንድ ብር አልወሰደም። ግንበኛው የሰፈሩ ሰውና የዕድሩ አባል ስለሆነ፣ «ይህን አፍርሰህ እንደ ፕላኑ ሥራ» ለማለት ይሉኝታ ያዘው። ደረሰኝ በመጠየቅ ይህን መከላከል አይቻልም፤ ደረሰኞቹ በሙሉ ትክክል ነበሩ።

ስለዚህ መሐንዲሱን ራስዎ ይቅጠሩ፤ ክፍያውንም በቀጥታ ይላኩለት። ከግንበኛው ጋርም ሆነ ከዘመድዎ ጋር ትውውቅ አይኑረው፤ የታደሰ የሙያ ፈቃዱንም ያሳይዎ። ተከራይን ጨምሮ በግቢው ስንት ሰው እንደሚኖር ሳይጠይቅ የታንኩን መጠን የሚነግርዎ ከሆነ ይተዉት። ማስረጊያው፣ ማለትም ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ወደ አፈር የሚሰርግበት ጉድጓድ፣ በሚቀመጥበት ቦታ አነስተኛ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ አፈሩን በውሃ በደንብ ካራሰ በኋላ ውሃው በስንት ደቂቃ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚወርድ መለካት አለበት። ሸክላ የበዛበት አፈር ውሃ በቀላሉ ስለማያሰርግ፣ በበጋ ደህና መስሎ በክረምት የሚሞላ ጉድጓድ ብዙ ነው። በመሀል ከተማ ጠባብ መንገዶች የመምጠጫ መኪናው ከየት ቆሞ ቱቦው መክፈቻው ድረስ እንደሚደርስም በፕላኑ ላይ ያመልክት።

በውሉ ላይ ቢያንስ 3 ጊዜ መጥቶ እንዲያይ ይጻፍ፤ ቁፋሮው ሲያልቅ፣ የወለሉ ብረት ታስሮ ኮንክሪት ሳይፈስ፣ በመጨረሻም ክዳኑ ሳይገጠም ታንኩ በውሃ ተሞልቶ አለማፍሰሱ ሲፈተሽ። በየጊዜው ሜትሩን ዘርግቶ ቁጥሩ እስኪነበብ ድረስ በቪዲዮ ያሳይዎ። ለግንበኛው ክፍያ የሚለቀቀውም በመሐንዲሱ ፊርማ ይሁን።

ዘመድዎ በር ይክፈት፣ የገባውን ሲሚንቶ ይቁጠር፤ ሥራ የማስፈረስ ሸክም ግን አይጣልበት። ታንኩ እንደገና ሲሠራ ይህንኑ ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ፣ «ቀድሞም እንዲህ ብታደርገው ኖሮ፤ እኔ እኮ ከሰውየው ጋር በየወሩ ዕድር ላይ እገናኛለሁ» አለኝ።