ለጥቂት ወራት ከሥራ ለማረፍ ስታስቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል 10 ዓመት ሠርቻለሁ። በ2016 ግንቦት ላይ ለቀቅኩ። ሌላ ሥራ አግኝቼ አይደለም፣ ማንም አላባረረኝም። ደክሞኝ ነበር። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ያለውን ሰው አሳልፌ፣ እንደገና መጨረሻ ሄጄ የተሰለፍኩባቸው ቀናት ነበሩ። ቢሮ ትንሽ ዘግይቼ ብደርስ ብዬ ነው።

6 ወር ላርፍ አስቤ ወጣሁ፣ 8 ወር ሆነ። በመውጣቴ አልጸጸትም። ብሩ ላይ ግን ስህተት ሠርቻለሁ፣ ከእኔ በኋላ የወጡ ጓደኞቼም የየራሳቸውን ሠርተዋል። ሁሉም ሰው “ስንት ብር ልቆጥብ?” ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ዛሬ ብጠየቅ መጀመሪያ የምለው ሌላ ነው፤ ደመወዛችሁ ላይ ምን ምን ተንጠልጥሏል? እሱን ሳታውቁ ያጠራቀማችሁት ብር ስንት ወር እንደሚያቆያችሁ ልታውቁ አትችሉም።

ዕቁብ ወጥቶላችሁ ሳትጨርሱ መልቀቅ

ይሄ የእኔ ስህተት ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። የሰፈር ዕቁብ ነበረኝ። 24 ሰው፣ በወር 4,000 ብር። አምስተኛው ዙር ላይ ስሜ ያለበት ወረቀት ከኩባያው ወጣ፣ 96,000 ብር። በማግስቱ ባንክ አስገባሁትና “የእረፍቴ ብር” አልኩት።

ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ግን ብድር ነው የወሰደው። ወለድ ስለሌለው ብድር አይመስልም እንጂ ብድር ነው። ሥራ በለቀቅኩበት ቀን ገና 6 ዙር ይቀረኝ ነበር። 24,000 ብር ማለት ነው። ባንክ ካስቀመጥኩት ሩቡ የእኔ አልነበረም። ይሄን በሒሳብ ሥራ 10 ዓመት የቆየሁ ሰው ቁጭ ብዬ አላሰላሁትም፤ ብሩ በስሜ ስላለ ብቻ የእኔ መሰለኝ።

ሁለተኛው ወር ላይ የዕቁቡ ዳኛ ቤት ሄድኩ። “ጋሼ፣ ለጥቂት ወር ቢታገሱኝ፣ ሥራ ለቅቄ ነው” አልኳቸው። ቡና አስቀርበውልኝ በእርጋታ “ልጄ፣ እኔ ብታገስሽ ዕጣው የሚወጣለት ሰው ይታገሳል ወይ?” አሉኝ። ልክ ናቸው። ደግሞ ዋሴ ጎረቤቴ ናት፤ እኔ ባልከፍል የምትጠየቀው እሷ ናት። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ዕቁቡን እየጣልኩ በተረፈው ኖርኩ። የስምንት ወሩን ጭንቀት ግማሽ ያመጣው ይሄ ነው።

እረፍት ካሰባችሁ ከዓመት ከሁለት ዓመት በፊት ዕቁብ ግቡ፣ ነገር ግን ዕጣችሁ መጨረሻ አካባቢ እንዲሆን ከዳኛው ጋር ተነጋገሩ። ቀድሞ የቸገረው ሰው ሁሌም አለ፣ ተራ መቀያየር ደግሞ ብዙ ዕቁብ ውስጥ የተለመደ ነው። ያኔ ዕቁቡ ዕዳ ሳይሆን ቁጠባ ይሆንላችኋል፤ የመጨረሻውን ዕጣ የተቀበላችሁ ቀን ከማንም ነፃ ናችሁ። ለሌላ ሰው ዋስ ከሆናችሁም ሰውየው ስንት ዙር እንደቀረው እወቁ።

ባንክ የምትሠሩ ደግሞ የሠራተኛ ብድራችሁን ውል አውጥታችሁ አንብቡ። የቤትም ሆነ የመኪና ብድር በዝቅተኛ ወለድ የተሰጣችሁ ሠራተኛ ስለሆናችሁ ነው። ስትለቁ ወለዱ ደንበኛ ወደሚከፍለው ከፍ ይላል፣ ወርሃዊ ክፍያውም አብሮ ያድጋል። አንዲት ጓደኛዬ ይሄን ያወቀችው መልቀቂያ አስገብታ ክሊራንስ ስታዞር ነው። ያን ጊዜ ደብዳቤውን መመለስ አትችልም ነበር።

ሕጉ የሚሰጣችሁን ሳታውቁ መልቀቂያ ማስገባት

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ተቀምጣችሁ አንብቡት፣ አማርኛው ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ። ሕጉ በመብትነት የሚሰጠው ለ5 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም የተለየና አሳሳቢ ነገር ሲገጥም፣ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ። ለወራት የሚሆን ፈቃድ የድርጅታችሁ ፈቃደኝነት ወይም የኅብረት ስምምነታችሁ (ድርጅቱና የሠራተኛ ማኅበሩ የተፈራረሙት ውል) ጉዳይ ነው። እኔ “አይሰጡኝም” ብዬ ሳልጠይቅ ለቀቅኩ። ከእኔ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠይቆ 3 ወር ተሰጠው። ከተፈቀደላችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ የሥራ መደባችሁ እንደሚጠበቅ፣ ሕክምናችሁ እንደሚቀጥል፣ የምትመለሱበት ቀን ጭምር።

ሁለተኛ፣ ድካሙ ሕመም ከሆነ። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ደረታችሁን የሚያፍናችሁ ከሆነ ሐኪም ሳያያችሁ ሥራ አትልቀቁ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕክምና ማስረጃ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ታመው ሳለ ለቀው ወጥተው ለሕክምናው የሚከፍሉት ያጡ ሰዎች ስላየሁ ነው ይሄን አጥብቄ የምናገረው።

ሦስተኛ፣ የስንብት ክፍያ። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት፣ የሚከፈልበት አንቀጽ አለ። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ይሰላል። 10 ዓመት ለሠራ ሰው 4 ወር ይመጣል። 4 ዓመት ከ10 ወር ላይ ካላችሁ ሁለቱን ወር ታገሱ። ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድም ስትለቁ በብር ይታሰባል፣ ስለዚህ ስንት ቀን እንደቀራችሁ ከሰው ሀብት ክፍል በወረቀት ውሰዱ።

የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባችሁ። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት ይላል ሕጉ፤ የመጀመሪያውን ወር አስቤዛ ግን በእሱ ላይ አትመሥርቱ፣ ክሊራንስ ላይ አንድ ፊርማ ሲጎድል ሁሉም ይቆማል። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን እዚያው እያላችሁ ተቀበሉ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንም ያዙ። በየወሩ ከእናንተ 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲገባ የነበረው መዋጮ በእረፍታችሁ ጊዜ ይቆማል፣ ስትመለሱ በዚያው ቁጥር ነው የሚቀጥለው።

ወጪን በደመወዝ ማስላት

“ደመወዜ ይሄ ነው፣ በ6 ሳባዛው ይሄ ይመጣል” የሚባለው ሒሳብ አይሠራም። የታክሲና የምሳ ወጪ ይቀንሳል፣ የቤት ወጪ ይጨምራል። እኔ ከመውጣቴ በፊት ለ3 ወር የልጆች ደብተር ላይ የወጣውን ሁሉ ጻፍኩ። ከጻፍኩት ያስደነገጠኝ አስቤዛው አልነበረም። በሦስት ወር ውስጥ አራት ለቅሶ፣ ሁለት ክርስትና፣ አንድ ሠርግ ነበረ። ማንም እነዚህን በጀት ውስጥ አያስገባም፣ ማንም ደግሞ አይቀርባቸውም። ለብቻቸው አንድ መስመር ስጧቸው።

ዋጋውም አለ። እኔ በጀቴን የሠራሁት ሚያዝያ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ባንክ ውስጥ ከ100 አለፈ። ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ ሳሙናው ተከተለ። የ6 ወር ያልኩት ብር አምስተኛው ወር ላይ ሲሳሳ አየሁት። ባንክ ያስቀመጥኩት ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ያኔ 7 በመቶ ነበር፣ ከዋጋ ንረቱ ጋር አይሮጥም ነበር። ስለዚህ የማይበላሸውን ቀድማችሁ ግዙ። ምርት ሲገባ ጤፍ አስገቡ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ። እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። እኔ ጤፍ ቀድሜ ገዝቼ ስለነበር የተረፍኩት በእሱ ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ ውላችሁ መቼ እንደሚያልቅ እዩ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። በእረፍታችሁ መሀል የሚያልቅ ውል ይዛችሁ አትውጡ፣ የተመዘገበ ውል ይኑራችሁ።

በተሳሳተ ወር መውጣት

ድርጅታችሁ በጀት ዓመቱን ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ቦነሱና ጭማሪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግንቦት ላይ መውጣት ያን ሁሉ ትቶ መውጣት ነው። እኔ ትቼው ወጣሁ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ነሐሴና መስከረምን ተጠንቀቁ፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል ተከታትለው ነው የሚመጡት። የመጀመሪያው ተርም ተከፍሎ ካለቀ በኋላ፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ መውጣት ቀለል ይላል።

ቤተሰብን ዘግይቶ መንገር

ለእማዬ በየወሩ እልክላት ነበር። እንዳትጨነቅ ብዬ መልቀቄን አልነገርኳትም፣ እየላክሁ ቀጠልኩ። አራተኛው ወር ላይ ስነግራት “ታዲያ ከማን አምጥተሽ ነው ስትልኪ የነበረው?” ብላ አለቀሰች። ቀድሜ ብነግራት ወንድሜ ይተካኝ ነበር። ለጥቂት ወር ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፣ እሱም ደስ ብሎት ያደርገው ነበር።

ሌላው ደግሞ ጊዜያችሁ ነው። ቤት መዋላችሁ ከታወቀ “አንቺ እኮ ቤት ነሽ” ይጀመራል። የእህት ልጅ ከትምህርት ቤት መቀበል፣ አክስትን ሆስፒታል መውሰድ፣ የመብራት ሠራተኛ መጠበቅ። ፍቅር ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔ በሁለተኛው ወር ከቢሮው ጊዜ ይልቅ ደክሞኝ ነበር። መፍትሔ የሆነኝ በሳምንት ሁለት ቀን ለቤተሰብ መስጠትና ቀኖቹን አስቀድሞ መናገር ነው። ማክሰኞና ሐሙስ። በሌላው ቀን ስልኬ ጠዋት ዝግ ነበር።

ብር እንዳላችሁ ሲታወቅ “ለሁለት ሳምንት አበድሪኝ” የሚልም ይመጣል። ያ ብር ደመወዛችሁ ነው። በየወሩ ሊቀነስ የተቆጠረ ነው፣ አይበደርም። “እግረ መንገዴን ትንሽ ሱቅ ልክፈትበት” ለሚለውም ያው ነው፤ ንግድ ከፈለጋችሁ በሌላ ብር፣ በሌላ ጊዜ።

የመመለሻ ብር አለመለየት

እረፍቱ የሚያልቀው ሥራ መፈለግ የጀመራችሁ ቀን አይደለም፣ የመጀመሪያው ደመወዝ የገባ ቀን ነው። በሁለቱ መሀል ማመልከቻ አለ፣ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ “እንደውልልሻለን” አለ። እኔ መስከረም መጨረሻ ላይ መፈለግ ጀመርኩ፣ ሥራ የገባሁት ጥር ላይ ነው። የ3 ወር ወጪ የሚሆን ብር በሌላ ሒሳብ አስቀምጡ፣ የኤቲኤም ካርድም አታውጡበት። ያ ብር ከሌለ የመጀመሪያውን የመጣ ሥራ ትይዛላችሁ፣ ያን ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከለቀቃችሁት የሚለየው ወንበሩ ብቻ ነው። እኔ ኅዳር ላይ ይሄ ሊሆንብኝ ነበር። ዕቁቡ ባያልቅልኝ ኖሮ እይዘው ነበር። የመጨረሻውን 4,000 ለዳኛው ሰጥቼ ስወጣ በእጄ የሁለት ወር ወጪ ቀርቶኝ ነበር፣ በዚያው ሳምንት ለመጣልኝ ሥራ “አመሰግናለሁ፣ አልችልም” ያልኩት በእሱ ነው።