ጉድጓድዎ ከከሰል ማውጫ አጠገብ ከሆነ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴ በስተሰሜን፣ በአምባሰል በውጫሌ አካባቢ፣ የድንጋይ ከሰል እንዳለ የታወቀ ነው። እኔ ደሴ ተቀምጬ የገጠር ጉድጓዶችን ውኃ እየለካሁና ናሙና እየወሰድኩ የምተዳደር በመሆኔ፣ ቁፋሮ የቀረባቸው ገበሬዎች ይጠሩኛል፤ የሚጠሩኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው ስህተት ቁፋሮው ሳይጀመር ጉድጓድን አለመለካት ነው። የከሰል ቁፋሮ ከከርሰ ምድር ውኃው በታች ሲወርድ፣ ሥራው እንዳይጥለቀለቅ ውኃው ያለማቋረጥ በፓምፕ ይወጣል፤ በዙሪያው ያለው ውኃም ወደዚያው እየተሳበ ይወርዳል። ያን ጊዜ «ጉድጓዴ ደረቀ» ቢሉ «ቀድሞስ ስንት ሜትር ላይ ነበር?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ መልስ ከሌለዎት «ዘንድሮ ዝናብ ስላነሰ ነው» የሚለውን ማስተባበል አይችሉም። የሚያስፈልገው ድንጋይ የታሰረበት ገመድ፣ ሜትርና ደብተር ብቻ ሆኖ ሳለ ሰው ለምን እንደሚሰንፍ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በየወሩ፣ ጠዋት ማንም ሳይቀዳ፣ ከአፉ ላይ ምልክት ካደረጉበት ከአንዱ ቦታ ይለኩ፤ ጎረቤትም ይፈርምበት። በአንድ ቀበሌ አቤቱታቸው ተሰሚነት ያገኘው የአንዲት እናት ብቻ ነበር፤ የባልዲያቸውን ገመድ በቀጠሉ ቁጥር ልጃቸው ቀኑንና የገመዱን ርዝመት በበሩ መቃን ላይ ጽፎት ነበርና። የጻፈውም በከሰል ነው።

የተለያዩ ወራትን ማወዳደር ሁለተኛው ስህተት ሲሆን፣ ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። የጥቅምትን ልኬት ከሰኔ መግቢያው ጋር አነጻጽሬ «ውኃው በ3 ሜትር ወርዷል» ብዬ ባቀረብኩ ጊዜ፣ የኩባንያው ባለሙያ «ክረምት የጠገበን ጉድጓድ ከበጋ መጨረሻው ጋር ያወዳድራሉ?» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ላብ አጠመቀኝ። ጥቅምት ከጥቅምት ጋር ብቻ ይነጻጸራል።

በርቀት መተማመንም ያሳስታል፤ የአገራችን ደጋ ድንጋይ በአብዛኛው ስንጥቅጥቅ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ድንጋይ) ስለሆነና ውኃው ስንጥቁን ተከትሎ ስለሚሄድ የቅርቡ ጉድጓድ ሳይነካ የሩቁ ሊደርቅ ይችላል።

ውኃው ጥሩ መስሎ ስለታየ ወይም ስለተፈላ ብቻ መጠጣት አደገኛ ነው። በከሰሉ ውስጥ ያለው ፓይራይት፣ ማለትም የብረትና የድኝ ውሁድ፣ አየርና ውኃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም ከድንጋዩ ብረትና ማንጋኒዝ ያሟሟል። ዝገት የመሰለ ዝቃጭ የዚህ ብክለት ግልጽ ምልክት ነው፤ ይሁን እንጂ በጣም አሲዳማ የሆነ ውኃ ብረቱ ሟሙቶበት እያለ ኩልል ብሎ ሊታይ ይችላል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ብረትንም፣ ከአሲዱ የሚመጣውን ሰልፌትንም አያስወግድም። ላቦራቶሪውን ሰልፌት፣ ብረትና ማንጋኒዝ እንዲለካ ይጠይቁ፤ የአሲድነቱ መጠን ግን እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ መለካት አለበት። አንድ ገበሬ በዘይት ጀሪካን ቀድቶ፣ ሦስት ቀን አሳድሮ፣ ደሴ ፒያሳ ድረስ ተሸክሞ አመጣልኝ፤ አንጀቴን ቢበላኝም ደፋሁት። የመጸዳጃ ቤት ብክለትንም በከሰሉ አያሳብቡ፤ ኢ. ኮላይ የተባለው የሰገራ ባክቴሪያ ከድንጋይ ከሰል አይመጣም፣ ይህን ያሉ ዕለት እውነተኛው አቤቱታዎም አብሮ ይወድቃል።

መብትን በተመለከተ «ፈቃድ የለኝምና አልከራከርም» የሚሉ አሉ። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፤ ሆኖም በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውኃም ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት ይቀድማል። አቤቱታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂም በእጅዎ ይቅር።

ቃለ ጉባኤን ሳያነቡ መፈረምን ደግሞ የውጫሌ ጎረቤት ሊሠራው አይገባም ነበር፤ በ1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ሌላ፣ በጣሊያንኛ ሌላ መሆኑ ያስከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። «ማኅበረሰቡ ቅሬታ የለውም» የምትል መሥመር መካከል ላይ ተሸጉጣ ሁለት ጊዜ አግኝቻለሁ። ካሳውም በጥሬ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ያልቃል፤ ምትክ ውኃ ይጠይቁ፣ ፓምፑ ሲሰበር ማን እንደሚጠግነውም በዚያው ቃለ ጉባኤ ይጻፍ።