ካሳንድራ ላይ 0.0.0.0 ዝም ብሎ አይለጠፍም

ካሳንድራ የሚባለውን ዳታቤዝ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ልትዘረጉ ከሆነ ሁለት አድራሻዎች እንዳይምታቱባችሁ። ሊስን አድሬስ (listen_address) ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው። አርፒሲ አድሬስ (rpc_address) ደግሞ አፕሊኬሽናችሁ የሚገናኝበት።

ሲጫን ሁለቱም ሎካልሆስት፣ ማለትም ከራሱ ከሰርቨሩ ውጭ ማንም የማይደርስበት አድራሻ ናቸው። እንዲሁ ከተተዉ ሰርቨሩ ደህና አድርጎ ይነሳል፤ ግን ብቻውን ነው፣ ሌሎቹ አያዩትም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ትዕግስቱ ያልቅና ሁለቱም ላይ 0.0.0.0፣ ማለትም «ሰርቨሩ ባለው አድራሻ ሁሉ» የሚለውን ይለጥፋል። ሊስን አድሬስ ላይ ይሄ አይሆንም። ሌሎቹ ሰርቨሮች ደውለው የሚያገኙት ቁርጥ ያለ አድራሻ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የሰርቨሩን የውስጥ አይፒ ጻፉ፣ ለምሳሌ 10.0.0.11። አርፒሲ አድሬስ ላይ 0.0.0.0 ይቻላል። ግን ብሮድካስት አርፒሲ አድሬስን (broadcast_rpc_address፣ ለአፕሊኬሽኑ የሚነገረውን አድራሻ) አብራችሁ ካልሞላችሁ ካሳንድራ ጭራሽ አይነሳም። እኔ ብጠየቅ እዚያም የውስጥ አይፒውን እመርጣለሁ።

ፋየርዎል ላይ ሰርቨሮቹ የሚነጋገሩበትን ፖርት 7000ን ለሰርቨሮቹ ብቻ፣ አፕሊኬሽኑ የሚገናኝበትን 9042ን ለአፕሊኬሽኑ ብቻ ክፈቱ። በ7000 የሚያልፈው ዳታ እናንተ ካላስተካከላችሁት በስተቀር አይመሰጠርም፤ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ጣጣ ነው።

ከዚያ ሪስታርት አድርጉና የሰርቨሮቹን ሁኔታ የሚያሳየውን ትዕዛዝ፣ ኖድቱል ስታተስ (nodetool status) በሉት። ሁሉም ፊት ዩኤን (UN፣ ተነስቶ እየሠራ ነው) ካለ ተገናኝተዋል። የተነሳ ሰርቨር ዲኤን (DN፣ ወድቋል) ካሳየ መጀመሪያ 7000ን ጠርጥሩ።