ጁፒተር በፎቶ ላይ ለምን አልጠራ አለ?

ነጭ ክብ ብቻ ሆኖ ሲወጣ

ስልኩን ቴሌስኮፕ ላይ ደግኖ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ችግር ይሄ ነው። ስልኩ የሚያየው አብዛኛው ነገር ጥቁር ሰማይ ስለሆነ ብርሃኑን ያለ ልክ ይጨምራል። ስክሪኑ ላይ ፕላኔቱን ተጭናችሁ ቆዩ፤ ፎከሱ ሲቆለፍ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። ጁፒተርን የሚያቋርጡት ሁለቱ ቡናማ ቀበቶዎች ብቅ ሲሉ አቁሙ። ያኔ በጎኑ ያሉት የራሱ ጨረቃዎች ይጠፋሉ፤ አትደንግጡ። ጁፒተር ከእያንዳንዳቸው በብዙ መቶ እጥፍ ይደምቃል። አንድ ለፕላኔቱ፣ አንድ ለጨረቃዎቹ አንሱና በኋላ አዋህዱ።

ምስሉ ሲርገበገብና ሲፈላ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። ብዙ ሰው ሌንሱ መጥፎ መስሎት ቴሌስኮፑን እስከ መሸጥ የሚደርሰው በዚህ ነው። ከተቀጣጠለ ከሰል በላይ ያለውን አየር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ከበስተጀርባው ያለው ግድግዳ ይርገበገባል። ጁፒተርንም የምናየው እንደዚያ ባለ አየር ውስጥ ነው። ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ደማቅ ኮከብ ያዙና ፎከሱን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ኮከቡ ሰፊ ክብ ይሆናል። ክቡ ውስጥ እንደ ጭስ ቀስ እያለ የሚንሳፈፍ ነገር ካያችሁ ሙቀቱ ያለው ቱቦው ውስጥ ነው። ከሞቀ ቤት የወጣ የቴሌስኮፕ መስታወት ቶሎ አይቀዘቅዝም። እኔ ባለ 8 ኢንቹን ቴሌስኮፕ ከእራት በፊት አወጣዋለሁ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ሞገዱ እንደ ወንዝ ባንድ አቅጣጫ ከሮጠ ግን ችግሩ ከላይ ካለው አየር ነው፤ ያን ቀን ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለም። ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ የኮንክሪት ሰገነትም ማታ ሙቀቱን ይመልሳል። ሳር ላይ ውረዱ።

ፕላኔቱ ከፍ እስኪል መጠበቅ በጣም ይረዳል። በዚህ እኛ ዕድለኞች ነን። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጁፒተር ለንደን ላይ ከአድማስ ከፍ የሚለው 16 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ላይ፣ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ፣ 59 ገደማ ይደርስ ነበር። ዝቅ ብሎ ሲነሳ አንዱ ጠርዝ ቀይ ሌላው ሰማያዊ የሚሆነውም በአየሩ ነው፤ ብርሃኑን እንደ ፕሪዝም ይበትነዋል።

ከዚያ በፎቶ ፋንታ ቪዲዮ ቅረጹ። ከቪዲዮው ሺዎች ፍሬሞች (ነጠላ ምስሎች) መካከል አየሩ ለቅጽበት የረጋባቸው ጥቂቶች ይኖራሉ። ኦቶስታከርት የተባለው ነፃ ፕሮግራም እነሱን መርጦ ይደራርባቸዋል። እኔ የማስቀረው ከመቶ 10 ያህሉን ብቻ ነው።

ተደራርቦም ሲደበዝዝ

ምናልባት ቪዲዮው ረዝሟል። ጁፒተር አንዴ በራሱ ዛቢያ ለመዞር 10 ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ከ2 ደቂቃ ብዙ አትለፉ። ባርሎ ሌንስ (ምስሉን የሚያተልቅ ተጨማሪ ሌንስ) ማብዛትም አለ። የካሜራችሁን የፒክስል መጠን በማይክሮን ወስዳችሁ በ5 አባዙት፤ የሚስማማችሁ የኤፍ ቁጥር (የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት ለመስታወቱ ወይም ለሌንሱ ስፋት ሲካፈል) እሱ ነው። ፒክስሉ 2.9 ከሆነ 14.5 ይመጣል። ኤፍ 6 ለሆነ ቴሌስኮፕ ቁጥሩን 12 የሚያደርሰው ባለ 2 እጥፍ ባርሎ ይበቃዋል። ባለ 3 እጥፉ ምስሉን ያተልቀዋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም።

ፕላኔቱ ከስክሪኑ እየወጣ ሲያስቸግር

ፕላኔቱን የሚከተል ሞተር ያለው ኢኳቶሪያል መቆሚያ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ዞሮ ይስተካከላል። ኮከቡ አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍታው፤ እንጦጦ ስር ለሚኖር ሰው ተራራው ራሱ ሊጋርደው ይችላል። በኮምፓስ ሰሜንን ያዙ፣ ከፍታውን 9 ላይ አድርጉ። ለ2 ደቂቃ ቪዲዮ ይህ ይበቃል።

ጁፒተር ላይ ጥቁር ነጥብ ሲታይ

አቧራ ነው ብላችሁ ሴንሰሩን ለመጥረግ አትቸኩሉ። ቴሌስኮፑን ትንሽ ገፋ አድርጉትና ነጥቡን ተከታተሉ። ስክሪኑ ላይ በነበረበት ከቀረ አቧራ ነው። ከጁፒተር ጋር አብሮ ከሄደ ግን የአንዷ ጨረቃ ጥላ ሊሆን ይችላል። አዮ የተባለችው ጨረቃ ጥላ ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሻገር ከ2 ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስድበታል። የያዛችሁትን ሁሉ ትታችሁ በየ10 ደቂቃው አንድ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ።