የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ናሙናን በራስ ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴቷ ራሷ በምትወስደው ናሙና የሚፈለገው ካንሰሩ አይደለም። የሚፈለገው ከሞላ ጎደል ሁሉንም የማህፀን በር ካንሰር የሚያስከትለው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ብዙው ስህተት የሚመነጨው ይህን ካለመረዳት ነው።

የማህፀን በርን ፍለጋ መግፋት። "እዚያ ካልደረሰ ዋጋ የለውም" ብለው ስዋቡን (ናሙናው የሚወሰድበትን ጫፉ ለስላሳ ዘንግ) እስኪያማቸው የሚያስገቡ አሉ። አያስፈልግም። ቫይረሱን የያዙ ሴሎች ብልት ውስጥም ይገኛሉ፤ ምርመራው በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረ-መል አብዝቶ በሚለይ የላቦራቶሪ ዘዴ) የሚሠራ ከሆነ በራስ የተወሰደ ናሙና ባለሙያ ከወሰደው ጋር ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። ዘንጉ ላይ ምልክት ካለ እስከዚያ፣ ከሌለ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ቁጢጥ ብለው ወይም አንድ እግርዎን ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርገው ወደ ወገብዎ አቅጣጫ ያስገቡት። አልገባ ካለ አቅጣጫውን በትንሹ ይለውጡ እንጂ አይግፉ።

አስገብቶ ወዲያው ማውጣት። ስዋቡ ግድግዳውን እየነካ ቀስ ብሎ መዞር አለበት፤ እንደየመሣሪያው ከ10 እስከ 30 ሰከንድ። በቂ ሴል ካልተገኘ ላቦራቶሪው ናሙናው ብቁ አይደለም ብሎ ይመልሰዋል፤ እንደገና መስጠት ይኖርብዎታል።

የስዋቡን ጫፍ መንካት ወይም ማጠብ። እጅዎን አስቀድመው ይታጠቡ። ጫፉ ወለል ከነካ አዲስ ይጠይቁ።

ጊዜውን አለመምረጥ። የወር አበባ በርትቶ ሲፈስ ይጠብቁ፤ ጥቂት ጠብታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይሆንም። በብልት የሚገባ ክሬም ወይም መድኃኒት ከተጠቀሙ ሁለት ቀን ያህል ያሳልፉ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ መጀመሪያ ባለሙያ ያማክሩ።

የቱቦውን ፈሳሽ መድፋት። ፈሳሹ ናሙናውን የሚያቆይ ነው፤ አይደፋም፣ አይጠጣም። ስዋቡ በደረቁ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ውሃ አይጨምሩበት። ክዳኑን አጥብቀው ስምዎንና ናሙናው የተወሰደበትን ቀን ይጻፉ። ስም የሌለው ቱቦ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢወሰድ አይመረመርም።

ምልክት እያለ በዚህ ብቻ መተማመን። ከግንኙነት በኋላ፣ በወር አበባ መካከል ወይም ካረጡ በኋላ ደም ካዩ ስዋብ አይጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ሄደው ይታዩ። ውጤትዎ ነጻ ቢሆንም እንኳ።

"ቫይረሱ ተገኝቷል" ሲባል መደናገጥ ወይም መጥፋት። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። አብዛኛው ኢንፌክሽን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የሚቆየው ግን ሴሎችን እየለወጠ ይሄዳል፤ የተለወጡትን ካንሰር ከመሆናቸው በፊት ማስወገድ ይቻላል። ዓይነት 16 እና 18 የካንሰሩን 70 በመቶ ያህል ስለሚያስከትሉ እነዚህ የተገኙባቸው ሴቶች በብዙ አገር በቀጥታ ለኮልፖስኮፒ (የማህፀን በርን በማጉያ መሣሪያ ለሚያይ ምርመራ) ይላካሉ። ሌሎቹ ዓይነቶች ከሆኑ ባለሙያ የማህፀን በሩን አይቶ ሌላ ናሙና ሊወስድ ይችላል፤ በራስ ከተወሰደው የፓፕ ምርመራ (የማህፀን በር ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ማየት) አይሠራምና። ደግሞም ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ስለሚቆይ ውጤቱ ከማን ወይም መቼ እንደተያዘ አይናገርም፤ ባል ወይም ጓደኛ የሚከሰስበት ማስረጃ አይደለም።

ነጻ ከተባሉ በኋላ መርሳት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ30 ዓመት ጀምሮ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ደግሞ ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ መመርመር ነው። ክትባቱን የወሰዱም ይመረመራሉ፤ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት አይከላከልም።