በ2.6 ስራ ይገኛል ወይ? ግሬድ የት ጋ ይጠየቃል የት ጋ አይጠየቅም

ዘንድሮ የተመረቃችሁ ልጆች፣ በትንሽ ግሬድ ስራ ይገኛል ወይ ለምትሉ፣ አዎ ይገኛል። እኔ አካውንቲንግ የጨረስኩት ከ4 በ2.64 ነው። ግን "ግሬድ ምንም አይሰራም" የሚሏችሁን አትስሙ፣ ለመጀመሪያ ስራ በደንብ ይጠየቃል፣ ዋናው ነገር የት ጋ እንደሚጠየቅ ለይቶ ጉልበትን እዛ አለመጨረስ ነው።

ማስታወቂያ ስታዩ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ባንኮች ለ0 ዓመት የስራ ልምድ ሲያወጡ ብዙ ጊዜ የሲጂፒኤ፣ ማለትም የጠቅላላ ግሬድ አማካይ፣ መቁረጫ ያስቀምጣሉ፣ 2.75 ወይ 3.00 ምናምን፣ ለሴቶች አንዳንዴ ዝቅ ይላል። እኔ ምናልባት ያልፉኛል ብዬ የትራንስፖርት ተበድሬ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ መጣሁ፣ የምትመዘግበው ልጅ ስቱደንት ኮፒዬን (ለተማሪ የሚሰጠውን የውጤት ወረቀት) አይታ ሳትመዘግበኝ ወዲያው ወረቀቱን መለሰችልኝ፣ ያን ቀን መርካቶ ድረስ በእግሬ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። ስለዚህ መቁረጫው ካልሞላላችሁ እለፉት፣ ብራችሁንም ሞራላችሁንም አትጨርሱ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግራጅዌት አሲስታንት (ጀማሪ መምህር) ለመሆንማ ግሬድ ዋናው ነገር ነው፣ እዛ የሚያስብ ተማሪ ካለ ከፍሬሽማን ጀምሮ ይያዘው።

ግሬዳችሁ ጥሩ የሆነም አትዘናጉ፣ ግሬዱ የሚያደርሳችሁ የጽሁፍ ፈተናው ጋ ነው ከዛ በኋላ ፈተናውና ኢንተርቪው ነው የሚወስነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም፣ ለሱ ያጠናችሁበትን ማስታወሻ አትጣሉት ለቅጥር ፈተናም ትከልሱበታላችሁ።

አሁን ግሬዱ ዝቅ ላለበት። የግል ድርጅት ሂዱ፣ አስመጪ፣ ትንንሽ ፋብሪካ፣ ኦዲት ቢሮ፣ ኮንትራክተር። እነዚህ ጋ የሚፈለገው ስራውን ነገ መጀመር የሚችል ሰው ነው። እኔን የቀጠሩኝ ሰውዬ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ "ፒችትሪ ትችላለህ? ቫት ታሳውቃለህ?" አሉኝ፣ ፒችትሪ የሂሳብ መስሪያ ሶፍትዌር ነው፣ ትራንስክሪፕቴን እስክወጣ ድረስ አላዩትም። ፒችትሪውን የተማርኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው፣ ቫቱን ደግሞ ሂሳብ የሚሰራ የሰፈር ልጅ ጋ ሁለት ወር በነጻ እየረዳሁ። ደሞዙ ትንሽ ነበር አልዋሽም ቤተሰብ ጋ ባልኖር አይቻልም ነበር፣ ግን ሁለት ዓመት ሰርቼ የስራ ልምድ ይዤ ስወጣ ቀጣዩ መስሪያ ቤት ስለ ግሬዴ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ሌላ ሙያ ያላችሁም ያው ነው፣ ሲቪል ከሆናችሁ አውቶካድ (የንድፍ ሶፍትዌር) እና ኳንቲቲ፣ ማለትም የስራና የዕቃ መጠን ስሌት፣ መስራት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆናችሁ ሰርታችሁ የምታሳዩት ነገር፣ ኢንተርንሺፕ የወጣችሁበት ቦታም ተመልሳችሁ ጠይቁ እዛ ስራችሁን ያውቁታል።

ሲቪ ላይ ካልተጠየቃችሁ ዝቅ ያለ ግሬድ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ግን በፍጹም ጨምራችሁ እንዳትጽፉ፣ ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲው ጋ ደብዳቤ ልኮ ሊያጣራ ይችላል፣ ከተቀጠራችሁ በኋላም ቢሆን ያስባርራል ያስከስሳል።

ደግሞ ዶክመንት ቀድማችሁ ጨርሱ። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻሉን ትራንስክሪፕት ለማውጣት የወጪ መጋራቱ (መንግስት ያስተማረበት ዕዳ) ይጠየቃል፣ እስከዛ የምትዞሩት በቴምፖ (በጊዜያዊው ዲግሪ) እና በስቱደንት ኮፒ ስለሆነ ብዙ ኮፒ አድርጉት፣ ስካን አድርጋችሁም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ኦርጅናሉን ግን ለማንም ጥላችሁ እንዳትመጡ።